ሳይለኩ ማከም፦ የሳንባ አቅም ምርመራና የሥር ሰደድ ሳንባ በሽታ ሕክምና በኢትዮጵያ

የደም ግፊት ሳይለካ የግፊት መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ዛሬ ቢገኝ ባልደረቦቹ ዝም ብለው አያልፉትም። የስኳር መጠን ሳይታወቅ ኢንሱሊን የሚያስጀምርም እንዲሁ። ወደ ሳንባ ሲመጣ ግን ይህ ጥንቃቄ ይላላል። በአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችና በብዙ ሆስፒታሎች ለዓመታት የሚያስላቸውና ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች «አስም» ወይም «ብሮንካይት» የሚል ስም ተሰጥቷቸው፣ በተለምዶ «ፓፍ» የሚባለውን የሚሳብ መድኃኒት ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሳንባቸው ምን ያህል አየር እንደሚይዝ፣ የያዘውንም በምን ፍጥነት እንደሚያስወጣ ግን አንድም ጊዜ ሳይለካ ዓመታት ያልፋሉ። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው፣ ይህ ልማድ ከአቅም ማነስ ብቻ የመጣ ሳይሆን ልኬቱን እንደ ቅንጦት ከማየት ጭምር የመጣ መሆኑን፣ ጉዳቱም ከሚገመተው በላይ መሆኑን ነው።

በሐኪሞች ዘንድ ሲኦፒዲ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ በሽታ ትርጓሜው ራሱ በልኬት ላይ የቆመ ነው። ጎልድ የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ እንደሚያስቀምጠው፣ ታማሚው ምልክቶቹና ለጎጂ አየር የመጋለጥ ታሪክ ኖሮት፣ የአየር ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ሲነፋ፣ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር በአጠቃላይ ከሚወጣው አየር ጋር ሲነጻጸር ከ0.70 በታች ከሆነ በሽታው አለ ይባላል። የመጀመሪያውን «የአንድ ሰከንድ ትንፋሽ»፣ ሁለተኛውን «ሙሉ ትንፋሽ» ብሎ መጥራት ለዚህ ጽሑፍ ይበቃል። እንግዲህ ስፓይሮሜትር በሌለበት የሚሰጠው ስም፣ የቱንም ያህል ልምድ ባለው ሐኪም ቢሰጥ፣ ግምት ነው። የሚያፏጭ ደረት የአስምም፣ የሲኦፒዲም፣ አንዳንዴም የልብ ድካም ምልክት ይሆናል። ራጅም ቢሆን የገፋ በሽታን ካልሆነ በቀር መጥበብን አያሳይም።

መሣሪያው አዲስ ነው እንዳይባል፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን በስፓይሮሜትር ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለክቶ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ፈረንሳዊው ቲፍኖ የመጀመሪያውን ሰከንድ ለይቶ የመለካትን ጥቅም ያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ስፓይሮሜትር ከራጅ በግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ራጅ በየሆስፒታሉ ሲገባ እሱ ለምን እንደቀረ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዱ ምክንያት፣ ራጅ ከታማሚው ፀጥ ብሎ መቆምን ብቻ ሲጠይቅ ስፓይሮሜትር ግን የታማሚውን ጥረትና የመርማሪውን ትዕግሥት የሚጠይቅ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

አለመለካት የሚያስከፍለው ዋጋ በመጀመሪያ የሚታየው በመድኃኒት ምርጫ ላይ ነው። አስም ያለበት ሰው የሚሳብ ስቴሮይድ ሊያገኝ ይገባል። ሳልቡታሞል ብቻ እየሳበ የሚኖር የአስም ታማሚ ለከባድ ማገርሸትና ለሞት የተጋለጠ በመሆኑ፣ ጂና የተባለው የአስም መመሪያ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ይህን አካሄድ አይመክርም። በሲኦፒዲ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መሠረቱ የአየር ቧንቧን ለረጅም ሰዓት የሚከፍቱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ስቴሮይድ የሚጨመረው ለተወሰኑ፣ በተለይም ደጋግሞ ለሚያገረሽባቸው ታማሚዎች ነው። ቶርች በተባለውና እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት ከ6,000 በላይ ታማሚዎች ለሦስት ዓመት ተከታትለዋል። ስቴሮይድ ያለበትን ጥምር መድኃኒት ከወሰዱት 19.6 በመቶው የሳንባ ምች እንደያዛቸው ሲመዘገብ፣ ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት ግን 12.3 በመቶው ነበሩ። በሌሎች አገሮች የተደረጉ የምልከታ ጥናቶችም የሚሳብ ስቴሮይድን ከሳንባ ነቀርሳ አደጋ መጨመር ጋር አያይዘውታል። የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር ይህ የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። ስለዚህ ያልተለካው ታማሚ በሁለት በኩል ይጎዳል፤ አስም ኖሮበት ስቴሮይድ ይከለከላል፣ ወይም ሲኦፒዲ ኖሮበት የማያስፈልገውን ስቴሮይድ ለዓመታት ይስባል።

ከዚህ የጠለቀ ችግርም አለ። የሲኦፒዲ ሕክምና የቆመባቸው ትልልቅ ጥናቶች፣ ቶርችም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት አፕሊፍትና ኢምፓክት፣ ተሳታፊዎቻቸውን የመረጡት ቢያንስ በቀን አንድ ፓኮ ለአሥር ዓመት ከማጨስ ጋር የሚመጣጠን የማጨስ ታሪክ ካላቸው ሰዎች ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ የትምባሆ ቅኝት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከሴቶቹ ደግሞ 2 በመቶ እንኳ አልሞሉም። የኢትዮጵያዊቷ ሳንባ የሚጎዳው በማድ ቤት ነው። በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት የሚነድ ምጣድ ፊት፣ መስኮት በሌለው ጎጆ፣ ከልጅነት እስከ እርጅና የሚቆጠር ሰዓት አለ። ያቺ ሴት ወደነዚያ ጥናቶች ብትሄድ ከበሩ ትመለስ ነበር። በሜክሲኮ በእንጨት ጭስ የታመሙ ሴቶችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ በሽታቸው ከአጫሾቹ እንደሚለይ ጽፈዋል። የሳንባ ከረጢቶች መፈራረስ በእነሱ ላይ ያነሰ ነው፤ የትናንሽ ቧንቧዎች ጉዳት ግን ጎልቶ ይታያል፤ የአንድ ሰከንድ ትንፋሻቸውም ከአጫሾቹ በዝግታ ይቀንሳል። ይህ ከሆነ ለአጫሽ አውሮፓዊ የተቀመረው የመድኃኒት መሰላል ለወሎዋ ወይም ለጎንደሯ እንጀራ ጋጋሪ እንዳለ ይሠራል ብሎ ማመን ከማስረጃ ይልቅ ወደ ተስፋ ያዘነብላል።

የኢዮሲኖፊል ነገርም እንዲሁ ነው። ጎልድ ስቴሮይድ የሚጠቅመውን ታማሚ ለመለየት በደም ውስጥ ያለውን የኢዮሲኖፊል ቁጥር እንደ መመሪያ ይጠቀማል፤ በማይክሮ ሊትር 300ና ከዚያ በላይ ከሆነ ስቴሮይድን ይደግፋል፣ ከ100 በታች ከሆነ ይቃወማል። ይሁንና ኢዮሲኖፊል በአንጀት ጥገኛ ትሎችም ይጨምራል። ወስፋትና መንጠቆ ትል ባልጠፉበት አካባቢ የሚገኝ 400 የተባለ ቁጥር ስለ ሳንባው ይናገር ወይስ ስለ አንጀቱ፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊመልስ አይችልም። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ያልተነካ የጥናት ጥያቄ ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው የጥፋት መንገድ በሳንባ ነቀርሳ ክፍል በኩል የሚያልፈው ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው አክታው ይመረመራል፤ ይህ ትክክለኛና ሕይወት አዳኝ አሠራር ነው። አክታው ነጻ ሲሆን ግን መንገዱ ያበቃል። ታማሚው አሞክሳሲሊን ይዞ ይሄዳል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል፣ እንደገና አክታ ይሰጣል። በዚህ ዑደት ውስጥ አንዳንዱ ጀርም ሳይገኝበት የስድስት ወሩን የነቀርሳ መድኃኒት ይጀምራል። በሌላ በኩል በእርግጥ ነቀርሳ ኖሮባቸው የዳኑት አሉ። ነቀርሳ ከዳነ በኋላም ጠባሳው ይቀራል፤ ቧንቧዎችን ያጣምማል፣ ያጠባል። ሰውየው «ድነሃል» ተብሎ ካርዱ ይዘጋል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ትንፋሹ ያጥረዋል። ተመልሶ ሲመጣ ነቀርሳው ያገረሸ ይመስላል። በሕክምናው ማብቂያ ላይ አንድ የሳንባ አቅም ልኬት ቢደረግለት ኖሮ፣ ለቀጣዩ ዘመኑ ሁሉ የሚያገለግል መነሻ ቁጥር በእጁ ይኖር ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ተራ አይደሉም። የመጀመሪያው፣ መድኃኒቱ በሌለበት ልኬቱ ምን ይሠራል የሚል ነው። ቲዮትሮፒየምንና መሰሎቹን ረጅም ሰዓት የሚሠሩ መድኃኒቶች የሚያገኘው ታማሚ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የልኬቱ የመጀመሪያ ጥቅም መስጠት የሌለብንን ማወቅ ነው፤ ለዚህ ውድ መድኃኒት አያስፈልግም። ሲኦፒዲ መሆኑ የተረጋገጠለት ሰው ብዙ ሊደረግለት ይችላል። ሳልቡታሞሉን በትክክል እንዲስብ ማስተማር አንዱ ነው። ለዚህ የሚያግዘውን ስፔሰር መግዛት ካልተቻለ ግማሽ ሊትር የምትይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ትበቃለች፤ በደቡብ አፍሪካ በአስም በታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ ታችዋ በፓፉ ልክ የተበሳች ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር እኩል እንደምትሠራ አሳይቷል። ማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ እንዲኖረው ወይም ምርጥ ምድጃ እንዲገባ መምከር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥራ ውስጥ አስቀድሞ አለ። በክትትል የሚደረግ የእግር ጉዞና የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ትንፋሽ ማጠርን ከብዙ መድኃኒቶች በተሻለ እንደሚያቀል በሚገባ የተረጋገጠ ነው። የቤት ኦክስጅን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ና በ1981 የታተሙት ሁለቱ ጥናቶች ዕድሜ እንደሚያራዝም ያሳዩት የደም ኦክስጅናቸው እጅግ ለወረደና በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ለሚጠቀሙ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቀበሌ 15 ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ምርመራው ራሱ ነቀርሳ ያስተላልፋል የሚለው ነው። ትክክል ነው፤ በኃይል መንፋት ሳል ያስከትላል። ስለዚህ አክታ አስቀድሞ ይመርመር፤ ማጣሪያ ያለው አፍ መክተቻ ለእያንዳንዱ ሰው ይለወጥ፤ ምርመራውም ክፍት መስኮት ባለበት ይደረግ። ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ እንጂ የመከልከያ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፦ መጥፎ ልኬት ከአለመለካት ይብሳል የሚለው። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ግማሽ እውነት ይዘዋል። መሣሪያ በዕርዳታ መጥቶ፣ ለሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣበት ወይም ያለ ቁጥጥር ቁጥር የሚያመርትበት ሁኔታ ለማንም እንግዳ አይደለም። የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ማኅበራት በጋራ ያወጡትና እ.ኤ.አ. በ2019 ያደሱት መስፈርት መሣሪያው በሚሠራበት ቀን ሁሉ በ3 ሊትር ሲሪንጅ እንዲፈተሽ፣ ሦስት ተቀባይነት ያላቸው ንፊቶች እንዲገኙ፣ የሁለቱ ምርጥ ንፊቶች ልዩነትም ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል። እነዚህን በወረቀት መከተል ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ካልጻፋቸው ነገሮች ዘንድ ነው።

ከእነዚህ አንዱ አንደበት ነው። ይህ ምርመራ ጩኸት ይፈልጋል፤ መርማሪው ታማሚውን «ሳይቆሙ፣ ገና አለ፣ ገና አለ፣ ይንፉ» እያለ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አየር ድረስ መገፋፋት አለበት። በአማርኛ ተናጋሪው ባህል ግን አንዲት ወጣት ነርስ በእናቷ ዕድሜ ላሉ ሴት ድምፅ ከፍ አድርጋ ትእዛዝ መስጠት ይከብዳታል። «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ይንፉልኝ» ትላለች፤ እማማም ትንሽ ይነፋሉ። በዚህ ልዝብ ንፊት ሙሉ ትንፋሹ ሳይወጣ ይቀራል፣ ጥመርታው ከእውነተኛው ከፍ ይላል፣ በሽታውም ይሰወራል። ሥልጠናው ስለ መሣሪያው ቁልፎች ከሚያወራው እኩል ይህን ማለማመድ አለበት፤ አክብሮትን ሳይጥሉ መጮህ የሚቻልበት ቃል አለ፣ ሠርግ ላይ የሚጨፍር ሁሉ ያውቀዋል። መቀነቱም አለ። ወገብን አጥብቆ የታሰረ መቀነት ሆድና ደረት እንደ ልብ እንዳይነሡ ያደርጋል፤ ከምርመራው በፊት መላላት አለበት። ነጠላውም ከአፍ ላይ ይነሣ።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። መሣሪያው ከታማሚው የሚጠበቀውን የትንፋሽ መጠን የሚያሰላው በዕድሜ፣ በቁመትና በጾታ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በሚሠራ መሣሪያ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ የልደት ዓመት እንዳለ ቢገባ፣ ታማሚዋ ባንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ታረጃለች። የአዋቂ ሰው የአንድ ሰከንድ ትንፋሽ በየዓመቱ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ስለሚቀንስ፣ ስህተቱ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ለምሳሌ 1.5 ሊትር የነፋች ሴት የሚጠበቅባት 2 ሊትር ቢሆን ውጤቷ 75 በመቶ ነው። ዓመቱ በስህተት ገብቶ የሚጠበቅባት ወደ 1.8 ሊትር ሲወርድ ግን ውጤቷ 83 በመቶ ይሆናል፤ የበሽታዋ ደረጃም ከመካከለኛ ወደ ቀላል ይለወጣል። ሳንባዋ ያው ነው፤ የተለወጠው ካላንደሩ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዕድሜን በዓመት ቁጥር መጻፍ ወይም ልደቱን ለውጦ ማስገባት። ሆኖም ይህን የሚያሳስብ የመሣሪያ መመሪያ የለም፤ መመሪያው የተጻፈው አንድ አቆጣጠር ብቻ ለሚያውቁ ነውና።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የማመሳከሪያው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ የሳንባ አቅም ስሌት ሰዎችን በዘር ይከፍል ነበር። ኢትዮጵያዊ በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ፣ መርማሪው «አፍሪካ አሜሪካዊ»ን ወይም «ሌላ»ን ይመርጣል፤ ምርጫው ብቻ የሚጠበቀውን መጠን በጉልህ ይለውጠዋል። የጥቁሮች ሳንባ በተፈጥሮው አነስተኛ ነው የሚለው ሐሳብ ሥሩ በአሜሪካ የባርነት ዘመን እንደሆነ የታሪክ ተመራማሪዋ ለንዲ ብራውን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው መጽሐፍ በዝርዝር አሳይታለች። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2023 ዘርን የማይለይ ስሌት እንዲተካ መክሯል። ይህ ግን ጥያቄውን አይዘጋውም። በማላዊ ብላንታይር በተደረገ ጥናት በነጭ አሜሪካውያን ማመሳከሪያ ሲታይ ሙሉ ትንፋሻቸው ያነሰ ሰዎች ከሦስት አንድ አልፈዋል፤ በአካባቢው ማመሳከሪያ ሲታይ ግን ከአሥር አንድ ገደማ ሆነዋል። የመጀመሪያው ቁጥር የድህነትን፣ የልጅነት ረኃብንና የጭስን ጉዳት ያጋልጥ ይሆናል፤ ሁለተኛው ጉዳቱን «የአካባቢው ጤናማ» ብሎ ያጸድቀው ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለሐኪሙና ለተመራማሪው አንድ ዓይነት መልስ የለውም። በጥመርታው ላይ የቆመው የ0.70 መስፈርት ከዚህ ክርክር በአብዛኛው ነጻ መሆኑ ለጀማሪው ጥሩ ዜና ነው።

ይህ ሁሉ በተለይ የሚመለከተው ተመራማሪውን ነው። በጥጥ ፋብሪካ፣ በሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በወፍጮ ቤትና በእንጀራ ጋጋሪዎች ላይ በየዓመቱ የሚጻፉ የማስተርስ ጥናቶች ብዙዎቹ በቃለ መጠይቅ ያበቃሉ፦ «ያስልዎታል? አክታ አለዎት? ትንፋሽ ያጥርዎታል?» መጠይቁ ለምልክት ጥሩ ነው፤ በሽታን ግን አይቆጥርም። ልኬት የጨመሩትም ቢሆኑ ስንት ንፊት እንደወሰዱ፣ ስንቱን ጥራት በማጣት እንደጣሉ፣ ቧንቧ ከፋች መድኃኒት ሰጥተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቃቸውን፣ የትኛውን ማመሳከሪያ እንደመረጡ ሁልጊዜ አይጽፉም። ቧንቧ ከፋች ሳይሰጥ የተገኘ 0.68 አስምም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሁሉ ሲኦፒዲ ብሎ መቁጠር የስርጭት አኃዙን ያሳብጣል፣ ያበጠው አኃዝም ወደ ፖሊሲ ይሄዳል። አማካሪዎችና ፈታኞች እነዚህን አራት ነገሮች ያልያዘ የሳንባ ጥናት እንዲታረም ቢመልሱ፣ ምንም በጀት ሳያስፈልግ የብዙ ጽሑፎች ዋጋ ከፍ ይል ነበር።

የት ይጀመር ለሚለው፣ ለሁሉም ጤና ጣቢያ መሣሪያ ማደል መነሻው አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሥልጠና ያፈራቸው ሐኪሞች ንፊትን ከንፊት መለየት ያውቃሉ። እያንዳንዳቸው በሚሠሩበት ሆስፒታል ሁለት ነርሶችን በቋሚነት አሠልጥነው፣ ኩርባዎቹን በየሳምንቱ ቢያዩላቸው፣ መሣሪያው ቁጥር ከማምረት አልፎ ምርመራ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ተመርማሪዎችም ተለይተው የታወቁ ናቸው፦ የነቀርሳ ሕክምናቸውን በዚያ ወር የጨረሱና ዳገት ሲወጡ አሁንም የሚያርፉ። ስማቸው በመዝገቡ ላይ አለ፤ የአክታቸው ውጤትም ነጻ መሆኑ ተረጋግጧል። የሚቀረው በአራት ፓፍ ሳልቡታሞልና በሩብ ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ማስነፋት ነው።